ለገመድ የሚሆን ቀጥ ያለ መሬት

ሰፈሩ «የኋሊት» ነው የሚላት። ስሙን ያወጡላት ሰዎች ብዙም አልተጨነቁም፤ ሴትዮዋ ዕድሜዋን ሙሉ የሄደችው ወደ ኋላ ነው። ገመድ ገማጅ ናት። ገመድ ሲገመድ አንዱ መዘውር ያዞራል፤ ሌላው ቃጫውን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ፣ በጣቶቹ መሀል ትንሽ በትንሹ እየለቀቀ፣ ፊቱን ወደ መዘውሩ እንዳደረገ የኋልዮሽ ይሸሻል። እሱ በሸሸ ቁጥር ክሩ ይረዝማል። ክሮቹ ሲበቁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተወጥረው አንድ ላይ ይጠመዘዛሉ፤ ያኔ ገመድ ተባለ ማለት ነው። እንግዲህ የኋሊት ከልጅነቷ ጀምሮ የሸሸችውን ሽሽት ወደ ፊት ብትሄደው ኖሮ የት በደረሰች ነበር እያለ የሚቀልድ አይጠፋም። እሷ ግን መልስ አላት፤ «እናንተ ወደ ፊት ሄዳችሁ የት ደረሳችሁ?»

መዘውሩን የሚያዞረው ባሏ ነው። እሱን ደግሞ «ዘዋሪው» ይሉታል። ዘዋሪው በቤታቸው ደጃፍ፣ የኋሊት እዚያ ማዶ የክሮቹ ጫፍ ከሚታሰርበት ችካል አጠገብ፤ በመሀላቸው ያለው መሬት ረጅም ስለሆነ ትዳራቸውን በጩኸት ነው የኖሩት። ሌላው ባልና ሚስት በሩን ዘግቶ በሹክሹክታ የሚጨርሰውን ነገር እነሱ በአደባባይ ያውጁታል። ሰፈሩ ሬዲዮ የሚያስፈልገው አልነበረም።

«አንተ ሰውዬ! ትናንት የት ነው ያመሸኸው?»

«ኧ?»

«የት አመሸህ ነው የምልህ!»

«አልሰማሽም!»

ይህን ጊዜ መሀል ላይ ያለችው ጎረቤት በመስኮቷ ብቅ ትልና፣ «የት አመሸህ ነው የምትልህ!» ብላ ታቀብለዋለች።

«አንቺን ደግሞ ምን ጥልቅ አደረገሽ?»

«እኔማ ጨርቄን ላሰጣ ወጥቼ ነው!»

ጨርቅ አልነበራትም። በዚያ መስኮት ሥር ጨርቅ ተሰጥቶ ያየ ሰው የለም፤ መስኮቷ ግን ተዘግቶ አያውቅም። ልጃቸው መወለዱን፣ ዘዋሪው ጥርሱ መነቀሉን፣ የኋሊት አማቷን ለምን እንዳኮረፈች ሰፈሩ የሰማው በዚያ መሬት ላይ፣ ከመዘውሩ እስከ ችካሉ በሚወረወር ድምፅ ነው።

መሬቱ ሌላ ጥቅም የለውም ነበር። ጠባብ፣ ረጅም፣ ቀጥ ያለ ነው። ቤት አይሠራበት፣ አይታረስበት። ለገመድ ግን እንደ እሱ ያለ አይገኝም፤ ምክንያቱም ገመድ ከተገመደበት መሬት በልጦ አይረዝምም። እንዲያውም ሲጠመዘዝ ስለሚሸማቀቅ ከመሬቱ ያንሳል። ረጅም ገመድ የፈለገ ረጅም መሬት ያስፈልገዋል፤ በቃ። ዘዴም፣ ብልጠትም፣ ማሽንም ቢሆን ይህን አይሽረውም እያለች የኋሊት ትምላለች። (ማሽኑ ይሽረው እንደሆነ ሄዳ አላየችም። ከማለች ግን ማለች ነው።)

ከዚያ መንገዱ መጣ።

መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ትሑት ነበር። እንደ እንግዳ ነው የገባው፤ በር አካባቢ ትንሽ ቦታ ስጡኝ፣ እኔ እንኳ ቆሜም እሄዳለሁ የሚል ዓይነት። ከማዶ በኩል ችካሉን ትንሽ አስጠጉልን ተባለ፤ አስጠጉ። አስፋልቱ ሲፈስ የኋሊት ራሷ እልል ብላለች። ጭቃ ቀረልን፣ ገመዳችንን የሚወስደው መኪና በራችን ድረስ ይመጣል ብላ። ይህን ዛሬ ስታስታውሰው እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ያን እልልታ ማን በመለሰልኝ!» ትላለች።

ሁለተኛ የመጣ ጊዜ እንግዳው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መኪና ስለበዛ መቆሚያ ያስፈልጋል ተባለና ችካሉ እንደገና ተነቀለ። የኋሊትን ያንገበገባት ይሄኛው ነው።

«የሚሄደው መኪና ይሁን፣ ጉዳይ አለው እንበል» ትላለች። «የቆመው ምን ቤት ነው? እኔ እንኳ ቆሜ ብውል ቦታ የሚሰጠኝ የለም! አንድ ሰውዬ መኪናውን አምጥቶ እኔ ወደ ኋላ የምሄድበት መሬት ላይ ያቆምና ይሄዳል። መኪናው ይተኛል፤ እኔ መሬት አጣለሁ። ተኝቶ የሚውል ነገር ከሚሠራ ሰው በልጦ መሬት ሲሰጠው የት ታይቷል?»

ገመዱ አጠረ። ጫኝና አውራጆቹ አጉረመረሙ፤ ግን ለጭነት አጭርም ይሆናል ብለው ወሰዱ። ያልተወው አንድ ሰው ነው፤ ጉድጓድ ቆፋሪው። ጉድጓድ ቆፋሪ በገመድ ታስሮ ነው የሚወርደው። መቀጠያ ቋጠሮ ያለበትን ገመድ አያምንም፤ ከአፈሩ ጠርዝ ጋር ሲፋተግ ቋጠሮው ይይዛል፣ ከያዘ ይላላል፣ ከላላ ደግሞ የሚወድቀው ባልዲ አይደለም። ስለዚህ ገመዱን የሚገዛው ከየኋሊት ብቻ ነበር፤ አንድ ወጥ የሆነ፣ ከአፍ እስከ ታች የሚደርስ። ሲመጣም፣ «እትዬ፣ ነፍሴን የማንጠለጥለው በእርስዎ ነውና እንዳይቆጡብኝ፣ ይቺ አጠረች» ይላል።

«እኔ ነኝ ያሳጠርኳት? ሂድና ለዚያ ለተኛው መኪና ንገረው!»

አንድ ቀን የመንገድ ሥራው ኃላፊ የሰፈሩን ሰው አዳራሽ ሰበሰበ። ሰውየው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፣ ሰው ለመሳደብ ይመቸው ነበር። ለስላሳ ነው፣ እናቴ፣ አባቴ ይላል፣ ሲናገር ደረቱን ይዳስሳል። ግድግዳው ላይ የከተማውን ካርታ ሰቅሎ መንገዱ ለሦስተኛ ጊዜ እንደሚሰፋ አስረዳ። አምቡላንስ ይደርሳል፣ እሳት አደጋ ይደርሳል፣ ሸቀጥ ይረክሳል አለ። ቤቱ ከአዲሱ መንገድ ፊት ለፊት የሚሆንለት ባለሱቅ ከሁሉም ቀድሞ አጨበጨበ። ሌላውም ተከትሎት አጨበጨበ፤ ሰው ጭብጨባ ሲሰማ እጁ አያርፍም።

የኋሊት ተነሣች።

«ጌታው፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ካርታው ላይ ነጭ ነጩ ምንድን ነው?»

«መንገድ ነው፣ እናቴ።»

«ያ ክብ ክቡስ?»

«አደባባይ።»

«እዚያ ጋ እንደ አንጀት የተጠማዘዘው?»

«እሱ… ማሳለጫ ድልድይ ነው። ገና ሊሠራ ነው።»

«እሺ። እኛስ የት ነን?»

ኃላፊው በጣቱ ግራጫውን ቁራጭ አሳያት። በነጩ መሀል የተረሳ ፍርፋሪ ይመስላል።

«ታዲያ ይሄ የከተማ ካርታ ነው ወይስ የመንገድ? ሰው ከሰው ሊገናኝ ነው መንገድ የሚሠራው። ሰውየውን አፍርሳችሁ መንገድ ከሠራችሁ ማን ከማን ጋር ሊገናኝ ነው?»

ጥቂት ሰው ሳቀ። ኃላፊው ግን አልተናደደም። «እናቴ፣ ገመድዎን ገበያ የሚያደርሰው ይኸው መንገድ አይደለም እንዴ?» አለ።

የኋሊት ነጠላዋን ሰብስባ ተቀመጠች። እውነቱን ነዋ። ባለሱቁም አጋጣሚውን አላሳለፈም፤ «እትዬ የኋሊት፣ እንደ ስምዎ ወደ ኋላ አይጎትቱን እንጂ!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ አብረው ከሳቁት አንዷ የመስኮቷ ጎረቤት ነበረች። የኋሊት ይህን አልረሳችም። እስከ ዛሬም ያን ባለሱቅ ሰላም የምትለው በአንድ ዓይኗ ነው።

ኃላፊው ስብሰባውን ሲዘጋ፣ «የሚነካው ትንሽ ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጨዋ ወጣት መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ ሰላም አለና ቀጭን፣ ጠበቅ ብሎ የተገመደ፣ የቻሉትን ያህል ረጅም ገመድ እንዲሠሩለት ጠየቀ። ለምን እንደሆነ አልተናገረም፤ እነሱም አልጠየቁ። ገመድ ገማጅ ለምንህ ነው ብሎ አይጠይቅም፤ ነውር ነው። የገዛው ሰው ጭነት ይሰርበት ድንኳን ይትከልበት የራሱ ጉዳይ ነው። ብቻ ረጅም የሚፈልግ ሰው ከጠፋ ቆይቶ ስለነበር ደስ አላቸው። ዘዋሪው መዘውሩን ቅባት ቀባ። የኋሊት የቃጫውን ምርጥ ለየች። ሁለቱ ያን ሰሞን ሳይሰዳደቡ ሠሩ፤ ጎረቤቲቱ በመስኮቷ ሆና ምነው ታመሙ እንዴ እስክትል ድረስ።

ወጣቱ መጣ፣ አመሰገነ፣ ወሰደ።

በማግስቱ ጠዋት የኋሊት ቃጫዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማ ስትወጣ በመሬቷ መሀል ለመሀል፣ ከዳር እስከ ዳር፣ አልፎም እስከ ጎረቤቶቹ ድረስ፣ ገመድ ተወጥሯል። ከሥሩ ነጭ ዱቄት ተበትኗል። ከገመዱ ወዲህ ያለው የእናንተ፣ ወዲያ ያለው የመንገዱ ነው ማለት ነው። የመንገዱ ድርሻ ይበልጣል።

«አንተ!» ብላ ጮኸች። «ና እስቲ እይ!»

ዘዋሪው ወጣ። ጎንበስ ብሎ ገመዱን በጣቱ ዳሰሰው። ግራኝ ስለሆነ መዘውሩን የሚያዞረው በተቃራኒ ነው፤ ጥምዙም ከሌላው ሰው ጥምዝ ይለያል። ቀና አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያናገራት።

«የእኛ ነው።»

«ምኑ?»

«ገመዱ። የእኛው ነው።»

የኋሊት እሳት ለበሰች፣ እሳት ጎረሰች። በገዛ እጇ! ምርጡን ቃጫ ለይታ! መዘውሩ ቅባት ተቀብቶ! ሰው መቃብሩን ሊያስቆፍር ሲፈልግ ቢያንስ ቆፋሪ ያመጣል፤ እነዚህ ግን ሟቹን ራሱን አካፋ አስይዘውት፣ አመስግነውት ሄዱ። ችካሎቹን አንድ በአንድ ነቀለቻቸው። ገመዱንም እንደ ልማዷ ወደ ኋላ እየሄደች በክርኗ ላይ እየጠቀለለች ሰበሰበችው፣ ቤት አስገባችና በሩ ላይ ተቀመጠች።

ወጣቱ ሮጦ መጣ።

«እማማ፣ ገመዱን እኮ ገዝተንዎታል!»

«ገመዱን ነው የሸጥኩልህ እንጂ መሬቱን አልሸጥኩም!»

«እሺ ገመዱን ይስጡን።»

«እኔ መሬቱን ስትሰጡኝ።»

ዘዋሪው ጣልቃ ገባና፣ «ስጪው፤ ካልሰጠሽው ሌላ ገመድ አምጥቶ ይወጥራል፣ ያውም አጉል ጥምዝ» አላት። ሰውየው ነገሩ ሁሉ እንዲህ ነው፤ መሬቱ ከሚሄድ ይልቅ በመጥፎ ገመድ ተለክቶ መሄዱ ያመዋል። የኋሊት ተነሥታ ገመዱን ወረወረችለት። ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ ወጠረው። ማሽኖቹ መጡ፤ ችካሉ የነበረበት ቦታ ተቆፈረ፣ ተሞላ፣ ተደመደመ፣ ጠቆረ። በቀረው መሬት ጫፍ ላይ ቆርቆሮ አጥር ተተከለና ከአጥሩ ማዶ መኪኖቹ ሽው ይሉ ጀመር።

ገመዱ አሁን ያጠረ ብቻ አይደለም፤ አፈረ። ጉድጓድ ቆፋሪው መጣና ቁራጩን በእጁ ይዞ አየው።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ለሱሪ መታጠቂያ ነው የሚሆን» አለ። ቀጥሎ ግን አልሳቀም። «የድሮው አርጅቷል። ክሩ መበጣጠስ ጀምሯል። ልወርድበት ፈራሁ፣ ካልወረድኩ ደግሞ ቤቴ የሚበላ የለም። አንድ ብቻ፣ አንድ ወጥ የሆነ ገመድ ይሥሩልኝ። የት እንደሚሠሩት አላውቅም።»

«እሠራልሃለሁ» አለች የኋሊት። የት እንደምትሠራው እሷም አታውቅም።

ልጃቸው የሚኒባስ ሹፌር ነው። ከገመድ ሸሽቶ ነው መሪ የያዘው፤ «እኔ ወደ ፊት ነው የምሄድ» ብሎ። መንገዱ ሲሰፋ ከልቡ ተደስቷል፤ ከእናቱ ጋርም በዚሁ ነገር ስንቴ ተኮራርፈዋል። እሑድ ዕለት ግን እናትና አባቱን ጋቢና አስቀምጦ ቀጥ ያለ መሬት ፍለጋ ከተማውን አዞራቸው።

ያን ቀን የኋሊት ከተማዋን አየች። እስከዚያ ድረስ የምታውቀው ሰፈሯን ነበር። መንገድ፣ ከመንገዱ አጠገብ የመንገዱ ታናሽ ወንድም፣ ከሱ አጠገብ መኪና ማቆሚያ። ከዚያ አደባባይ፤ መሀሉ ሰው የማይረግጠው ሣር። ከዚያ ነዳጅ ማደያ። ከዚያ ድልድይ፣ ከድልድዩ ሥር ጨለማ፣ ጨለማው ውስጥ የቆሙ መኪኖች። አንድ ሜዳ ሲያዩ፣ «አቁም አቁም!» አለች፤ ለወደፊት መንገድ የተያዘ የሚል ሰሌዳ ተተክሎበታል። ገና ያልተወለደ መንገድ መሬት ይዞ ይጠብቃል፤ እሷ ይኸው ተወልዳ አርጅታ የላትም!

«እኔ የምለው» አለ ዘዋሪው በመስኮቱ እያየ፣ «ቤቶቹን የት ነው የሚያስቀምጧቸው?»

«አባ፣ ከተማ እንዲህ ነው» አለ ልጁ። «ሰው መንቀሳቀስ አለበት።»

«ወዴት?» አለች እናቱ። «ወዴት ነው የሚንቀሳቀስ? ይኸው ግማሽ ቀን ተንቀሳቀስን። ከመንገድ ተነሥተን፣ በመንገድ ሄደን፣ መንገድ ደረስን። ግማሹ ከተማ ወደ ሌላው ግማሽ መሄጃ ሆኗል፤ ሌላው ግማሽ ደግሞ መኪና ማቆሚያ ነው!»

«እማ፣ ግማሽ እንኳ አይሆንም።»

«ለክተኸዋል?»

«አልለካሁትም።»

«እንግዲያው ዝም በል!» (እሷም አልለካችውም።)

ሰፈራቸው መግቢያ ባለው መስቀለኛ መንገድ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆማቸው። ልጁ ጣቱን መሪው ላይ እያንኳኳ፣ «ቀጥ ያለ ነገር ሁሉ መንገድ ነው፣ እማ። አታገኚም» አላት። የኋሊት በመስኮቱ በኩል ታያለች። በሁለቱ መንገዶች መሀል፣ በድንጋይ ጠርዝ ተከብቦ፣ አንድ ጠባብ አፈር ይሄዳል። መሀል አካፋይ የሚሉት ነው። ሣር ይተከልበታል ተብሎ አልተተከለበትም። ጠባብ፣ ረጅም፣ ቀጥ ያለ።

«ይሄስ የማን ነው?» አለች።

ልጇ ፊቷን አየና ደነገጠ። «የማንም አይደለም። እማ፣ እንዳታስቢው።»

«እንዲያውም የእኔ ነው። የድሮ ችካላችን እዚህ ጋ ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት ዘዋሪውና የኋሊት መዘውራቸውን በጋሪ ገፍተው መንገዱን አቋረጡ። አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እሷ ያዙ፤ መሀላቸው እንደ ድሮው ረዘመ። መኪኖቹ በግራም በቀኝም እየተንጫጩ ያልፋሉ። ጩኸቱ ተመለሰ፤ አሁን ግን ከሞተር ጋር መወዳደር ነበረባቸው።

«ቀስ በል! ቀስ ብለህ አዙር!»

«ኧ?»

አንድ የጭነት መኪና ሹፌር በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ «አባባ! ቀስ በል ነው የምትልህ!» አለና አለፈ።

«አንተን ማን ጠየቀህ!» አለ ዘዋሪው ለጭሱ።

ክሮቹ አለቁ፣ ተወጠሩ፣ መጠምዘዝ ጀመሩ። አደገኛው ጊዜ ይህ ነው። በዚህ ሰዓት ጫፉን የያዘ ሰው መልቀቅ አይችልም፤ ከለቀቀው ገመዱ ተወርውሮ እርስ በርሱ ይጠላለፋል፣ ቃጫውም ድካሙም አፈር ይበላል። ትራፊክ ፖሊሱ የመጣው ልክ ያኔ ነው። ወጣት ነው፣ ልብሱ ገና ከካውያው አልበረደም።

«እማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ገመድ እየሠራሁ።»

«እዚህ?»

«የት ልሥራ? አንተ ከተማውን ታውቃለህ፤ የት ልሥራ ንገረኝ።»

ትራፊኩ ዙሪያውን አየ። ከልቡ የፈለገ ይመስላል። ከዚያ፣ «ኃላፊው መጥተዋል፣ ይጠሩዎታል» አለ። ያ ደረቱን የሚዳስሰው ሰውዬ ከመንገዱ ማዶ መኪናውን አቁሞ እጁን ያውለበልባል።

«እሺ፣ ላናግረው። እስከዚያ ይህን ያዝልኝ።»

ትራፊኩ ሳያስበው ያዘ። ሽማግሌ ሲያቀብል የማይቀበል ማን አለ?

«አጥብቀህ! ወደ ኋላ ዘንበል በል! እንዳትለቀው፣ ከለቀቅከው ዓይንህን ነው የሚያወጣው!»

«እማማ! ቆይ! ሥራ ላይ ነኝ እኮ!»

የኋሊት መንገዱን አቋርጣለች። ትራፊኩ ወደ ኋላ ተዘርግቶ፣ ፊሽካው ከአፉ ወድቆ ደረቱ ላይ እየተወዛወዘ ቀረ። መስቀለኛው ያለ ሰው ሆነ። አንድ መኪና ገባ፣ ሌላው አልለቅም አለ፣ ሦስተኛው በመሀል ተሰነቀረ፤ ብዙም ሳይቆይ ያ ሁሉ ሰፊ መንገድ፣ ስንት መሬት የዋጠው መንገድ፣ ቆመ። የጥሩምባው ነገር አይነሣ።

«እናቴ» አለ ኃላፊው፣ «ሰው ሁሉ ሥራውን መንገድ ላይ ይዞ ቢመጣ ምን ይሆናል?»

«መንገዱ ሰው ሥራ ላይ ሲመጣስ ምን ይሆናል ብላችሁ ጠይቃችኋል?»

«ይህ ቦታ ባዶ መሆን አለበት። መኪና ከመሥመሩ ቢወጣ ሰው እንዳይጎዳ ነው፤ ለእርስዎም ደኅንነት ነው።»

«ባዶ?»

«አዎ፣ ባዶ።»

የኋሊት ወደ አፈሩ ጠቆመች። «መሬቴን የወሰዳችሁት ባዶ ልታደርጉት ነው? አምቡላንስ ይሄድበታል ብትለኝ አፌን ዘጋሁ። ሸቀጥ ቢያልፍበት እሺ። ይሄ አፈር ምን ይሄድበታል? ማንም! እኔ ዕድሜዬን የበላሁበትን መሬት ማንም እንዳይቆምበት ወሰዳችሁት!»

ኃላፊው ደረቱን ሊዳስስ እጁን አነሣ፤ አየችውና አወረደው። «ደንብ ነው» አለ። «ነገ አጥር ይገባበታል። አሁኑኑ ይነሡ።»

እዚያ በቆመው የመኪና ጎርፍ መሀል አንድ ሚኒባስ ነበር። ተሳፋሪዎቹ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ይሳደባሉ።

«እነዚህን አሮጊትና ሽማግሌ ማን ነው መንገድ ላይ የለቀቃቸው?»

«ጤናም የላቸው! ዘመድ የላቸውም እንዴ?»

ሹፌሩ አቀርቅሮ መሪውን ያያል። ጆሮው ቀልቷል። «አላቸው» አለ።

«ምን አልክ?»

«ዘመድ አላቸው። እናቴ ናት። መዘውሩን የሚያዞረው አባቴ ነው።» በሩን ከፍቶ ወረደ።

«እንዴ! እኛንስ ማን ያደርሰናል?»

«ወርዳችሁ ሂዱ! መንገድ እንደሆነ ሞልቷል!»

ትራፊኩ ልጁ ሲመጣ አየና ሊያለቅስ ደረሰ። ልጁ ጫፉን ከእጁ ተቀበለ፣ እግሩን አፈሩ ላይ ተከለ፣ ክብደቱን ወደ ኋላ ጣለ። ሰው በልጅነቱ የጠላውን ነገር እጁ አይረሳውም። ትራፊኩ ፊሽካውን ይዞ ወደ መስቀለኛው በረረ።

የኋሊት ከማዶ አየች። ኃላፊውን ትታው፣ በቆሙት መኪኖች መሀል እየተሹለከለከች ወደ መሀሉ ተመለሰች።

«አንተ! አዙር!» ብላ ወደ ባሏ ጮኸች። መኪኖቹ ቆመው፣ ጥሩምባውም ደክሞት ስለነበር ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተሰማ። «ልጅህ ነው የያዘው! አዙር!»

ያን ዕለት ገመዱ አለቀ። አንድ ወጥ፣ ቋጠሮ የሌለው። ጉድጓድ ቆፋሪው በትከሻው ተሸክሞት ሲሄድ ክብደቱ አጎብጦት ነበር፤ ደስም ብሎታል። ይህ ሲያልቅስ ቀጣዩ የት ይገመዳል ብሎ ማንም አልጠየቀም፣ እሱም ጭምር። ልጅየው ሥራ አቁሞ መኪናውን በመተው ተቀጣና የሰፈሩ ሰው ሲስቅበት ሰነበተ። መሀል አካፋዩ ላይ ኃላፊው እንዳለው የብረት አጥር ገባ። ከአጥሩ ውስጥ ዛሬም አፈሩ ባዶውን አለ፤ ሣርም አልተተከለበት፣ መኪናም አልወጣበት፣ ውሻ እንኳ አይገባበትም።

ዘዋሪውና የኋሊት በቀረቻቸው ቁራጭ መሬት ላይ ለሕፃናት መዝለያ፣ ለፌስታል ማሰሪያ የምትሆን ገመድ ይሠራሉ። አሁን በጣም ስለተቀራረቡ መጮህ አያስፈልጋቸውም፤ ጎረቤቲቱም መስኮቷን ዘግታ ቴሌቪዥን ገዝታለች። የኋሊት ግን እግሯ አልተማረም። ቃጫዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማ፣ ዓይኗን መዘውሩ ላይ አድርጋ የኋልዮሽ ትሄዳለች፤ ገና ሰውነቷ ሳይሞቅ ጀርባዋ ቆርቆሮውን ጓ! ያደርገዋል። ያኔ ትዞርና አጥሩን በጥፊ ትለዋለች። ከማዶ ሽው ለሚሉት መኪኖች፣ ሰሙም አልሰሙም፣ ባለ በሌለ ድምፅዋ ትጮህባቸዋለች፤

«ጫፉ አይደለም! ገና መሀሉ ነው!»